ክራፕፍ በወሎ፦ ከአንኮበር እስከ ሐይቅ የተደረገ ጉዞና የቡና ወሰን

ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ከሸዋው ቤተ መንግሥት፣ ከኦሮምኛ የመጀመሪያ የሰዋስውና የቃላት መጻሕፍት፣ እንዲሁም ከምሥራቅ አፍሪካ በረዷማ ተራሮች ጋር ተያይዞ ነው። በ1842 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወሎን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ማለፉ ግን በሕይወት ታሪኩ ውስጥ እንደ አንድ የመከራ ምዕራፍ ብቻ ተቆጥሮ ይታለፋል። የተዘረፈ ሚስዮናዊ፣ ቃሉን ያጠፈ የአገር ገዥ፣ እየለመኑ የተጓዙት ረጅም መንገድ፤ ታሪኩ በዚህ መልክ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። ይሁንና ጉዞው ለወሎ ታሪክ ያለው ዋጋ ለክራፕፍ የሕይወት ታሪክ ካለው ዋጋ ይበልጣል። ክራፕፍ እስልምናን እንደ ተቀናቃኝ የሚቆጥር፣ ያገኘውንም ሁሉ በዚህ ሚዛን የሚመዝን ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ምስክር የጻፈውን ጠቅላላ ፍርድ ከዕለት ተዕለት መዝገቡ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ እርስ በርሳቸው አይስማሙምና።

ክራፕፍ የተወለደው ጥር 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን በቩርተምበርግ ግዛት፣ ቱቢንገን ከተማ አጠገብ ባለችው በዴሬንዲንገን መንደር ነው። ቤተሰቡ ገበሬ ነበር። ገና ልጅ ሳለ ጀምስ ብሩስ ስለ ኢትዮጵያ ከጻፈው የጉዞ መጽሐፍ አንዱን ክፍል ከመጻሕፍት ሻጭ ተውሶ ማንበቡን ጎልምሶ በጻፈው ትዝታ ገልጿል። በባዝል የሚስዮን ትምህርት ቤትና በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት ተማረ፤ ጥቂት ጊዜም በአገሩ በቤተ ክርስቲያን አገለገለ። በ1837 የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ ላከው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ከካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ጋር ለመሥራት ዓድዋ ገባ። ቆይታው ግን አጭር ነበር። በ1838 መጀመሪያ ደጃዝማች ውቤ ሚስዮናውያኑን ከግዛታቸው አስወጧቸው።

ከዓድዋ የተባረረው ክራፕፍ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። የትግራይ በር ስለ ተዘጋበት የቀረው መንገድ በቀይ ባሕር ዞሮ ከታጁራ በአፋር በረሃ መውጣት ነበር። ለዚህም የመን ውስጥ ወዳለችው ሞካ ተሻገረ። ሞካ በዘመኑ የየመን ደጋ ቡና ለዓለም የሚወጣባት፣ ስሟም ከቡና ጋር የተጣበቀ ወደብ ናት። ክራፕፍ እዚያ በጠና ታምሞ ወደ ካይሮ ተመለሰና በ1839 መጀመሪያ ከኢዘንበርግ ጋር እንደገና መጣ። እንግሊዞች ኤደንን የያዙት በዚያው ዓመት በጥር ወር ነው። ሁለቱ ሰዎች ከሞካ ወደ ታጁራ ተሻግረው፣ በረሃውን ከነጋዴዎች ጋር አቋርጠው፣ በሰኔ ወር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፊት ቀረቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲመለስ ክራፕፍ ብቻውን በሸዋ ቀረ።

በሸዋ የቆየባቸው ሦስት ዓመታት ገደማ በብዙ ጸሐፊዎች ተጠንተዋል፤ እዚህ በዝርዝር መድገም አያስፈልግም። ኦሮምኛ ተማረ፤ የቋንቋውን መሠረታዊ ሰዋስው የሚያሳይ አጭር መጽሐፍ በ1840፣ የቃላት መዝገቡም በ1842 ታተመ፤ ወንጌልን መተርጐም ጀመረ፤ ከንጉሡ ጋር ዘመተ፤ የብራና መጻሕፍትንም ሰበሰበ። ከሰበሰባቸው ብራናዎች መካከል በርካታዎቹ ዛሬ በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ሲደርስ አስተርጓሚና አማካሪ ሆኖ ያገለገለው እርሱ ነው፤ በኅዳር ወር ለተፈረመው ውልም መንገድ ጠርጓል። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ከወሎው ጉዞ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ክራፕፍ በ1842 ከአንኮበር ሲወጣ በአካባቢው ገዥዎች ዓይን የሃይማኖት ሰው ብቻ አልነበረም። የሸዋ ንጉሥ እንግዳና ወዳጅ፣ ከባሕር ማዶ ጠመንጃና መድፍ ይዘው የመጡ ሰዎች አጋፋሪ ነበር።

የቡና ወሰን

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሸዋ ክርስቲያን አገር ወደ ወሎ የሚሻገር መንገደኛ ወሰኑን የሚያውቀው በኬላ ብቻ አልነበረም። የሚጠጣውና የሚበላው ራሱ ወሰን ነበር። ሥጋው የክርስቲያን ወይም የእስላም ተብሎ ይለያል፤ በአንገት ያለው ማተብ ማንነትን ይናገራል፤ ቡና፣ ጫትና ትንባሆም ከእስልምና ጋር የተቆራኙ ተደርገው ስለሚታዩ የሸዋ ቤተ ክርስቲያን ምእመኖቿን ከእነርሱ ትከለክል ነበር። ይህ ክልከላ በሃሪስ መጽሐፍም ሆነ በሌሎች የዘመኑ ተጓዦች ጽሑፎች ተመዝግቧል። ቡና ከሸዋ ክርስቲያን ቤት ጠፍቶ የኖረው ቡና ስለሌለ አይደለም፤ ከከፋና ከእናርያ በጎጃም በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ፣ ከሐረርም ወደ ዘይላና በርበራ ይጫን ነበር፤ ጫኙ ግን በአመዛኙ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ዛሬ የአገሪቱ ሁሉ መለያ ሆኖ የሚቀርበው ሥርዓት ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የግማሹ አገር ነውር ነበር ማለት ነው። ክልከላው እየላላ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

በወሎ ግን ቡና ከጸሎት ጋር አንድ ነበር። የቡና መጠጣት ልማድ በየመን በ15ኛው መቶ ዓመት ሲስፋፋ ቀዳሚዎቹ ተጠቃሚዎች ለሌሊት ዚክር መንቃት የፈለጉ ሱፊዎች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። የእስልምናው ዓለም ራሱም ቡናን ያለ ክርክር አልተቀበለውም፤ በ1511 በመካ የተጣለው እገዳ ለዚህ ምስክር ነው። ቡናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የወሎን የሱፊ ማእከሎች ሲያገኝ ግን ክርክሩ ያለፈለት ይመስላል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ በወሎ የተነሣው የእስልምና መነቃቃት፣ በተለይም በጀማ ንጉሥ ማእከላቸውን የመሠረቱት የሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ትምህርት፣ የቃዲሪያ ሥርዓትን ከገጠሩ ሕዝብ ሕይወት ጋር ያዛመደ ነበር። መንዙማው፣ መውሊዱ፣ ሐድራው፣ የደረሳው ኑሮ፣ ሁሉም ጀበናን ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ሑሴን አሕመድ በ2001 በታተመው የ19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና ጥናታቸው ይህን መነቃቃት በስፋት አሳይተዋል። የዚህ ዓይነቱን አገር ወግ አጥባቂ ሙስሊም አገር ማለት ይቻላል፤ ይሁንና አጥባቂነቱ በቡና፣ በዕጣንና በምርቃት የተገለጠ እንጂ የተዘጋ በር አልነበረም።

ክራፕፍ ወዳጃ ስለሚባለው የወሎ የጋራ ጸሎት የጻፈው ከዚህ አንጻር ሲነበብ ዋጋው ይጨምራል። ሰዎች በአንድነት ተሰብስበው ቡና እየጠጡ ለከብታቸው፣ ለኑሯቸውና ለገዥያቸው ፈጣሪን የሚለምኑበትን ሥርዓት መዝግቧል። የእርሱ ፍርድ አጭርና የንቀት ነው፤ አጉል እምነት ብሎ ያልፈዋል። ለተመራማሪ ግን ይህ መዝገብ ወዳጃ ከቡና ጋር ተቆራኝቶ በጽሑፍ ከተገለጸባቸው ቀደምት ምንጮች አንዱ ነው። ቃሉ በኦሮምኛ አብሮነትን የሚያመለክት መሆኑን፣ ሥርዓቱም ከእስልምናው በፊት ከነበረ የኦሮሞ የጸሎት ልማድ ጋር መዛመዱን ኦሮምኛ የሚያውቀው ክራፕፍ ከማንም የተሻለ ሊመረምረው ይችል ነበር። አልመረመረውም። ሚስዮናዊው የቋንቋ ሊቁን ከቀደመባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ከአንኮበር እስከ ገጢራ

ክራፕፍ በመጋቢት 1842 ከአንኮበር የተነሣባቸው ምክንያቶች ከአንድ በላይ ነበሩ። በ1841 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የገቡትን አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን በጎንደር ለማግኘት ይፈልግ ነበር። አቡነ ሰላማ በልጅነታቸው በካይሮ በሚስዮን ማኅበሩ ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ሆኑ ከእርሳቸው ድጋፍ ተስፋ አድርጓል። በታጁራ በኩል መግባት የተቸገሩትን አዳዲስ ሚስዮናውያን መርዳትና በግብፅ ከሮዚነ ዲትሪሽ ጋር ጋብቻ መፈጸምም ከአሳቡ ውስጥ ነበሩ። የባሕሩን መንገድ ትቶ የመሬቱን የመረጠው አገሩን ለማየትም ጭምር ነው።

ወቅቱ ግን ክፉ ነበር። ባለፈው የካቲት 7 ቀን ራስ አሊና ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር ተዋግተዋል። ውቤ ድል አድርገው ድሉን ሲያከብሩ ተማረኩ፤ ማን እንዳሸነፈ ለሩቅ ሰው ግራ የሚያጋባ ጦርነት ነበር። የጦርነቱ ወሬ ወሎን አናውጧል። የወረ ሂማኖ ኢማሞች ቤት ከጎንደር ሥልጣን ጋር በጋብቻ የተሳሰረ ነው፤ የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። የመሪዎቹ ፉክክር፣ የወሬው መዘበራረቅ፣ የሠራዊቱ መንቀሳቀስ ተደማምሮ መንገዱን ለባለ ጭነት መንገደኛ የማይመች አድርጎታል።

ክራፕፍ በመንዝና በግሼ በኩል አድርጎ ወሎ ሲገባ መጀመሪያ የደረሰው በአዳራ ቢሌ አገር ነው። አዳራ ቢሌ ከሸዋ ጋር በሚዋሰነው ክፍል የሚገዙ፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነት ግንኙነት የነበራቸው የወሎ ባላባት ናቸው። መቀመጫቸው በሆነችው በገጢራ እንግዳውን በመልካም ተቀብለው አሳለፉት። ክራፕፍ ወደ ፊት ቀጥሎ ወደ ጎንደር በሚወስደው አቅጣጫ ተጓዘ፤ ነገር ግን የጦርነቱ ሁኔታ መንገዱን እንደ ዘጋ ሲረዳ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወደ ሸዋ ለመመለስ ወይም ሌላ መንገድ ለመፈለግ እንደገና ገጢራ ገባ። በዚህ ጊዜ አቀባበሉ ተለወጠ። አዳራ ቢሌ እንዳይንቀሳቀስ ከለከሉት፤ ከጥቂት ቀናት ጥበቃ በኋላም ገንዘቡን፣ በቅሎዎቹንና ዕቃውን ወስደው ከአገራቸው አስወጡት።

ክራፕፍ ይህን የፈረደው እንደ ክህደት ነው፤ የተዘረፈ ሰው እንዲያ ቢል አይፈረድበትም። ከዚህ አልፎ ግን ድርጊቱን ለወሎ ሙስሊም ጠባይ ማሳያ አድርጎታል፤ ከእርሱ ተቀብለው የጻፉትም ይህን ደግመዋል። የራሱ መዝገብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ያው ሰው፣ በያው ቤት፣ ከጥቂት ቀናት በፊት በክብር አስተናግዶታል፤ በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው የአዳራ ቢሌ ሃይማኖት አይደለም። የተለወጠው የመንገደኛው ዋጋ ነው። መጀመሪያ ሲያልፍ የሸዋን ንጉሥ አደራ ይዞ ወደ ሰሜን ኃያላን የሚሄድ ሰው ነበር፤ እርሱን መንካት በሁለት ወገን ያስጠይቃል። ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ጌታ በሰሜን የሌለው፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ጭነቱ ብዙ የሆነ እንግዳ ነው። የአንኮበሩ የመድፍና የጠመንጃ ወሬ በወሎ ባላባቶች ዘንድ ምን ስጋት እንደ ፈጠረ መገመትም አያዳግትም። ዘረፋው ፖለቲካ ነው ቢባል ከመዝገቡ ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ ሣህለ ሥላሴ ወይም ደጃዝማች ውቤ በተመሳሳይ ሁኔታ የፈጸሟቸው ድርጊቶች እንደ ክርስትና ጠባይ ተቆጥረው አያውቁም።

ከገጢራ እስከ ሐይቅ

ከገጢራ በኋላ ያለው የጉዞው ክፍል በሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ጥቂት መስመር ብቻ ያገኘ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ክራፕፍ ከገጢራ ሲወጣ በእጁ ምንም አልነበረውም። ዛሬ ደሴ ባለችበት አገር አቅጣጫ በተራራ ላይ ተጉዞ (ደሴ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው) ወደ ተሁለደሬ ወረደ፤ ከዚያም ሐይቅ ዳርቻ ደረሰ። እስከ ምጽዋ ድረስ እየለመነ መሄዱን ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው፤ የሰጠው ማን ነው? የገጢራና የሐይቅ መካከል ሙስሊም አገር ነው። እህሉን የሰጠው፣ ያሳደረው፣ መንገዱን ያሳየው ገበሬ በብዛት ሙስሊም ከመሆን ውጭ ሊሆን አይችልም። ክራፕፍ በጠቅላላው ፍርዱ የክርስቲያን ነገሥታትን ለሁለት የሚከፍል ግንብ አድርጎ የሣለው ሕዝብ፣ ገንዘብና ጌታ የሌለውን ነጭ ክርስቲያን አብልቶ አሳልፎታል።

በወሎ ለእንግዳ የሚደረገው ነገር በዘፈቀደ የሚሆን ቸርነት አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ከደጅ የቆመ መንገደኛ የማን ልጅ ነህ ከመባሉ በፊት ግባ ይባላል። ሃይማኖቱ የተለየ ከሆነ ያልበሰለ እህል፣ ወይም የራሱ ወገን የሚያርድለት በግ ይሰጠዋል፤ ካልሆነም ሥጋ የሌለበት ይቀርብለታል። ቡናው ሲፈላ አቦሉ ለታላላቆቹ ይደርስና ምርቃት ይከተላል፤ ምርቃቱ ከቤቱ ሰው አልፎ ለመንገደኛው ጭምር ነው። አንድ የአውሮፓ ፕሮቴስታንት ማተብ የማያስር፣ ጾም የማይጾም ስለ ሆነ በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ ምን እንደ ሆነ ግራ ሲያጋባ ኖሯል፤ ክራፕፍ በአንኮበር ደጋግሞ የተከራከረበት ጉዳይ ነው። ቡና የሚጠጣ ክርስቲያን ደግሞ ይበልጥ ግራ ያጋባል። በወሎ ገበሬ ቤት ይህ ድንግርግር ያን ያህል ክብደት አልነበረውም፤ ከጀበናው ፊት የተቀመጠ ሁሉ ለጊዜው የቤቱ ሰው ነው።

ሐይቅ እዚህ ጋ ልዩ ትርጉም አለው። ሐይቁ ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ሃያ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱም ከሰማንያ ሜትር የሚያልፍ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ በአብዛኛው ሙስሊም ሲሆን በመካከሉ ደግሞ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታላላቅ ገዳማት አንዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ቆሟል። ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው የገዳሙ ቦታ በቀድሞ ዘመን ደሴት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ትምህርት ቤታቸውን ያቋቋሙት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩት እዚህ ነው። የገዳሙ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ ለረጅም ዘመን በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥፍራ ነበረው። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 በዚህ በኩል አልፏል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቁ ዳር ደርሶ ወደ ደሴቱ መሻገሩን የፉቱሑ ጸሐፊ ሺሃብ አድ ዲን በዝርዝር ተርኳል።

ክራፕፍ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ከኢማም አሕመድ ዘመቻ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። ገዳሙ ግን አለ፤ መነኮሳቱም አሉ፤ ቅዳሴውም አልተቋረጠም። የወሎን እስልምና ክርስትናን ውጦ የሚጨርስ ኃይል አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህ ራሱ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። በሙስሊም ገበሬና በሙስሊም ገዥ የተከበበ ገዳም በየመቶ ዓመቱ እየተመለሰ ቆሞ የተገኘው በግንብ ተጠብቆ አይደለም። መነኮሳቱ እህላቸውን ከዳርቻው ገበያ ያገኛሉ፤ የዳርቻው ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ይቀመጣሉ። በወሎ አቦገር የሚባለው የእርቅ ሥርዓትም በሃይማኖት ልዩነት ላይ ድልድይ መሥራቱ የታወቀ ነው። ክራፕፍ በድካምና በችግር ሲያልፍ የነበረ ሰው ስለ ሆነ ይህን ለማስተዋል ጊዜ አላገኘም ሊባል ይችላል። በሸዋ በቆየባቸው ዓመታት ከጻፈው አንጻር ግን ጊዜ ቢያገኝም ይህን መፈለጉ ያጠራጥራል።

ከሐይቅ በኋላ መንገዱ የአምባሰልን ተራሮች ይዞ ወደ የጁ ይወጣል። አምባሰል ጃንጥራር በሚል ማዕርግ የሚጠሩ ገዥዎች አገር ነው፤ የግሸን ማርያም አምባም በዚሁ ይገኛል፤ አገሩ ከአራቱ የአገራችን የዜማ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን ሰጥቷል። ክራፕፍ የጁን፣ ላስታንና ዋግን አልፎ፣ ትግራይን አቋርጦ፣ ከአንኮበር በወጣ በሁለት ወር ገደማ ምጽዋ ደረሰ። አቡነ ሰላማን አላገኘም። የጉዞው ማስታወሻ ግን ድኖ ከኢዘንበርግ ማስታወሻ ጋር በ1843 በለንደን ታተመ፤ ጄምስ ማክዊን የጻፈው የመልክዐ ምድር ጥናትም ተያይዞበታል። የወሎ አገሮች፣ ወንዞችና ነገዶች ስም በአውሮፓ ካርታ ላይ መልክ የያዘው ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ነው።

ከወሎ በኋላ

ክራፕፍ በዚያው ዓመት መጸው በግብፅ አግብቶ ከሚስቱ ጋር ወደ ሸዋ ለመመለስ ሞከረ። ሣህለ ሥላሴ አልፈቀዱም፤ የእንግሊዙ ቡድንም በ1843 አገሩን ለቀቀ። በምጽዋ በኩል ሲሞክሩ ሮዚነ በበረሃ መንገድ ላይ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ወዲያው ሞተች፤ ያወጡላትም ስም በአማርኛ እንባ የሚል ነበር። በ1844 ባልና ሚስቱ በዛንዚባር በኩል ሞምባሳ ገቡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሮዚነና አዲስ የተወለደችው ልጇ በወባ ሞቱ። ክራፕፍ ከዮሐንስ ሬብማን ጋር በራባይ ቆይቶ ስዋሂሊን አጠና፤ ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፣ እርሱ ደግሞ በ1849 የኬንያን ተራራ ያዩ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ሆኑ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የወሰደው አሳብም ከኢትዮጵያ የመነጨ ነው፤ በሰሜን የተዘጋውን የኦሮሞ አገር በር ከደቡብ ለመክፈት ነበር። ኦርማንያ እያለ ለሚጠራው ለዚያ አገር የነበረው ተስፋ በሕይወቱ ሙሉ አልተፈጸመም።

ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1855 ነው። ከማርቲን ፍላድ ጋር መጥቶ አዲስ ከነገሡት ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኘ፤ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን እንዲመጡ ፈቃድ ተገኘ፤ ከዚያም በሱዳን በኩል በከባድ ጉዞ ተመለሰ። ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ። ክራፕፍ ወሎ የተከፈለና እርስ በርሱ የሚዋጋ በመሆኑ ብቻ ለክርስቲያኑ ደጋ ስጋት እንዳልሆነ ጽፎ ነበር፤ አሁን ግን ከውጭ የመጣ ኃይል ያንኑ መከፋፈል ተጠቅሞ ወሎን ሲያደቅ ቀሪ ዘመኑን በሙሉ ሰማ። በ1867 እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ በአስተርጓሚነት ተቀጥሮ ከጦሩ ጋር ባሕሩን ተሻገረ። መቅደላ በ1842 በሥጋት ከዞራት ከወረ ሂማኖ አገር ናት። ጤናው ስለ ከዳው ግን ከጠረፍ ብዙ ሳይርቅ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

የመጨረሻ ዓመታቱን በቩርተምበርግ በኮርንታል መንደር አሳለፈ፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኅትመትን በማረምና የኦሮምኛ ትርጉሞችን በማገዝ ሲደክም ቆየ። በእነዚሁ ዓመታት፣ በ1878፣ ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉት ደግሞ እምቢ ብለው ሸፈቱ፤ ቡናና ወዳጃ ለጊዜው ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገቡ። ክራፕፍ ኅዳር 26 ቀን 1881 ማታ ለጸሎት እንደ ተንበረከከ ሞቶ ተገኘ፤ በኮርንታልም ተቀበረ።